ዙቤይዳ ቤቷ የዋለች ለታ

የአረፋ ዋዜማ የከሚሴ መናኸሪያ እግር መጣያ አይገኝበትም። የደሴው፣ የባቲው፣ የሰንበቴው ተጓዥ ሁሉ በአንድ ቀን ወጥቶ በአንድ በር ይጋፋል። በግ በገመድ የሚጎትት አለ፤ ፍራሽ ጠቅልሎ የተሸከመ አለ፤ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የቦርሳውን ማንገቻ በጥርሱ የያዘ አለ። ዙቤይዳም እንደየዓመቱ በዚያ ግፊያ መሀል ዘንቢሏን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ ጨፋ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ትጠብቅ ነበር።

ዙቤይዳ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሃምሳን አልፋለች። ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ከከሚሴ ልጆች ግማሹን ለኢድ የምታለብሰው እሷ ናት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በዓል ለሌላው ሰው በዋዜማው ይጀምራል፤ ለእሷ ግን በጣም ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። “እትዬ ዙቤይዳ፣ የኔን አስቀድሚልኝ”፣ “እትዬ፣ እጅጌው አጠረ እኮ” ሲሏት ይከርማል። የመጨረሻውን ቀሚስ አስረክባ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ስትሸፍን ደግሞ ሌላው ሥራ ይጠብቃታል፤ የሮቢቱ።

ጨፋ ሮቢት ያለው ቤት የአባታቸው ቤት ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ታላቅ ወንድሟ ኢብራሂም ከሚስቱ ከፈይሩዝ ጋር ይኖርበታል። ለአረፋ ዘመድ አዝማዱ ከየሄደበት እዚያ ይሰበሰባል፤ በሬ ይታረዳል። ሥጋውን የምትደለድለው ዙቤይዳ ናት። ለምስኪን የሚወጣውን፣ ለጎረቤት የሚሄደውን፣ ለቤት የሚቀረውን በዓይኗ መዝና ስትለይ እናቷን ትመስላለች ስለሚባል እሷ እያለች ማንም ቢላ አያነሳም። ከዚያ ዱለቱ አለ፣ ጥብሱ አለ፣ ወጡ አለ። ሲመሽ ሴቱና ሕፃኑ በተደረደረ ፍራሽ ላይ ይጋደማል፤ የአንዱ ልጅ እግር ጎኗ ላይ፣ የሌላው ክርን ጉሮሮዋ ላይ ሆኖ ይነጋል። በሦስተኛው ቀን ወገቧን ይዛ ወደ ከሚሴ ትመለሳለች። ለዓመታት እንዲህ ሲሆን ኖሯል። ክፉ ነው ብላ አስባም አታውቅም።

ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ ስለሚያውቃት በሰው መሀል እጇን ስቦ አስገባትና መስኮት አጠገብ አስቀመጣት። በዋዜማ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያገኝ የታደለ ነው። ዙቤይዳ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ስታይ፣ ከመናኸሪያው ማዶ በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ መሀል የገዛ ግቢዋ የኒም ዛፍ ጫፉ ታያት።

ያን ቤት ቀስ እያለች ነው የሠራችው። አንዱ ዓመት ግድግዳው፣ ሌላው ዓመት የወለሉ ሲሚንቶ፣ በመጨረሻ ባለፈው በጋ በረንዳው። አንድ ነገር ትዝ አላት። በዚያ ቤት አንድም አረፋ ውላበት አታውቅም። ለበዓል ግድግዳውን ታስጸዳለች፣ መጋረጃውን ታጥባለች፣ ከዚያ በሩን ቆልፋ ትሄዳለች።

“ወራጅ አለ” አለች።

ረዳቱ ዞር ብሎ አያት። “እትዬ፣ ገና መች ተነሳንና?”

“ወራጅ ነኝ። ቦታውን ለሰው ስጥ።”

ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ዙቤይዳ ሳትነሳ በፊት ቦታውን ያዘችው። ዙቤይዳ በባጃጆቹ መሀል እየተሹለከለከች ወደ ቤቷ ሄደች። የዋዜማውን ጾም ይዛ ስለነበር ምላሷ ደርቋል። ጀርባዋ ግን ያ ሁሉ ስፌት ያላረፈበት ይመስል ቀልሏት ነበር።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲባል በረንዳው ላይ ሆና በተምርና በውኃ አፈጠረች። አንድ ያለቻት ልጇ ሳሚያ ደሴ ነርስ ናት፤ ዘንድሮ የበዓል ተረኛ ስለሆነች እንደማትመጣ አስቀድማ ነግራታለች። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ ከሮቢት እንደሆነ ገባት። ፈይሩዝ ነበረች። ከኋላዋ የልጆች ጩኸትና የሳህን ኳኳታ ይሰማል።

“እትዬ፣ የት ደረስሽ?”

“አልመጣሁም ፈይሩዝ። ዘንድሮ ቤቴ ልውል ነው።”

“መኪና ጠፋ? አንዋርን በሞተር ልላክልሽ?” አንዋር የበኩር ልጇ ነው።

“መኪናስ ነበረ።”

“አመመሽ?”

“ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ።”

“ማል ታቴ ታዲያ?” ፈይሩዝ ስትደነግጥ ኦሮምኛዋ ይቀድማታል።

“ሆማ ሚቲ። ምንም አልሆንኩም። ቤቴ መዋል አሰኘኝ፤ ይኸው ነው።”

ከፈይሩዝ ኋላ የሆነ ልጅ ማልቀስ ጀመረ።

“እትዬ፣ ማን ምን አለሽ?”

“ማንም ምንም አላለኝም።”

“በረመዳን የተናገርኩትን ይዘሽብኝ ነው?”

“ምን ተናግረሽ ነበር?”

“እንግዲያው እሱ አይደለም” አለች ፈይሩዝ ቶሎ ብላ። ስልኩም ተዘጋ።

ዙቤይዳ ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ታውቃለች። በዓል ከቤተሰብ ተለይቶ የዋለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም። እሷም ብትሆን ሌላ ሰው ቢቀር እንደዚሁ ነበር የምታስበው። ቢሆንም ኢሻዋን ሰግዳ ተኛች። አልጋው ሰፊ ነበር።

ጠዋት ተጣጥባ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች። በየዓመቱ ለራሷ አንድ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ሰግዳ ስትመለስ ግን ለሥራ እንዲመች ታወልቀውና ዓመቱን ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ይከርማል። የዘንድሮው ውኃ ሰማያዊ ነበር፤ አንገቱ ላይ ቀጭን ጥልፍ አለው። ሜዳው ላይ ከከተማው ሕዝብ ጋር ሰግዳ፣ ከዚያም ከዚህም “ኢድ ሙባረክ” ተባብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት እጇ በልማድ ወደ ቀሚሷ አዝራር ሄደ። ከዚያ ተወችው። ዛሬ የሚያስወልቃት ሥራ የለም።

የምትበላውን ከትናንት ጀምራ አስባበታለች። ለእርዱ የሚዋጣውን የኡድሂያ ድርሻዋን ሮቢት ቀደም ብላ ስለሰጠች ቤቷ ውስጥ ሥጋ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ሥጋም አላማራትም። ያማራት ጨጨብሳ ነው፤ ለጋ ቅቤ የጠጣ፣ ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ። ቂጣውን ጋገረች፣ ቆራረሰች፣ አሸች። ሳትቸኩል ነው የሠራችው። አንዱን ጠባብ ምድጃ ከብዙ ሴት ጋር ሳትሻማ፣ “ጨው የት ነው?” የሚላት ሳይኖር፣ ከእግሯ ሥር ልጅ ሳይደናቀፍ። ማንጎ ልጣ አጠገቡ አስቀመጠች። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ከኒሙ ሥር የሚመጣው ነፋስ ደግ ነበር። ከየመስጊዱ ተክቢራው አሁንም ይሰማል። ልክ ስትቀመጥ በሩ ተንኳኳ።

“ማነው?” አለች፤ ልቧ ሮቢት ሄዶ።

“እኔ ነኝ፤ አመልማል።”

አመልማል የአጥር ጎረቤቷ ናት፤ የመንገድ ሥራ ጡረተኛው የኪዳኔ ሚስት። “በአረፋ በርሽ ሳይቆለፍ ሳይ ሌባ ገባ ብዬ ነው የመጣሁት” አለች፤ ገብታም ጉንጯን ሳመቻት። “እንኳን አደረሰሽ። በደህና ነው የቀረሽው?”

“በደህና ነው። ቤቴን ልየው ብዬ ነው። ነይ ቅረቢ።”

አመልማል ወደ ሳህኑ አየች። ጎረቤት ሆነው ብዙ ዓመት ቢኖሩም በበዓል ከአንድ ሳህን በልተው አያውቁም። የአንዷ ሥጋ ለሌላዋ ስለማይሆን በፋሲካም በአረፋም አንዷ ለሌላዋ የምትልከው ለስላሳና ዳቦ ነው። ዛሬ ግን ሥጋ የለም።

“ቅቤው...” አለች ዙቤይዳ ጾም እንደሆነ ብላ።

“በዓለ ሃምሳ ነው እኮ፤ ጾም የለብኝም” አለች አመልማል እጇን እየታጠበች። “ማሩን ወደኔ አዙሪው።”

በሉ። ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ኪዳኔ ጉልበት፣ አመልማል ልትቀይረው ስላሰበችው መጋረጃ አወሩ። መሀል ላይ ወሬው ሲያልቅም ሌላ ወሬ አልፈለጉለትም። ዙቤይዳ እግሯን ዘርግታ ግድግዳውን ተደገፈች። በዚህ ሰዓት ሮቢት ቢሆን ኖሮ እጇ እስከ ክርኑ በሥጋ ውስጥ ነበር።

ቀትር አካባቢ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረዱት ሼህ አደም ናቸው፤ የእናቷ የአጎት ልጅ፣ በሮቢት ዙሪያ የተጣላን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። ከኋላቸው ኢብራሂም ወረደ፤ በፌስታል የተጠቀለለ ሥጋ ይዟል፤ ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነው። ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ሼህ አደም ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው “አሰላሙ አለይኩም” አሉ።

“ወአለይኩም ሰላም። ኢድ ሙባረክ አባቴ፣ ግቡ፣ ግቡ!” ዙቤይዳ ብድግ አለች።

“እሺ ካላልሽን አንገባም።”

“ምኑን ነው እሺ የምለው?”

“ዕርቁን።”

“ከማን ጋር?”

ሼህ አደም ወደ ኢብራሂም ዘወር አሉ። ኢብራሂም መሬት መሬት ያያል። “እሱን አንቺ ትነግሪናለሽ” አሉ ሽማግሌው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዙቤይዳ ሽማግሌ በፀሐይ ማቆም ነውር ስለሆነባት “እሺ፣ እሺ ብያለሁ፣ ግቡ” አለች። ገቡ። አመልማል ይህን ስታይ ነጠላዋን ሰብስባ “የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እኔ ልሂድ” ብላ ተነሳች።

“ቁጭ በይ ልጄ” አሉ ሼህ አደም። “ጎረቤት ምስክር ነው። ስትከፋ አይተሻታል?”

“ኧረ እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም” አለች አመልማል።

ይህ ነገሩን አባሰው። ሼህ አደም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በሆዱ የያዘ ሰው ፊቱ ይበራል የሚሉ ይመስላሉ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ዱአ አደረጉ፤ ለሞቱት፣ ለቆሙት፣ ለአገሩ ሰላም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ዙቤይዳ፣ ወንድምሽ ሌሊቱን አልተኛም። ሚስቱ ታለቅሳለች፤ በረመዳን ክፉ ቃል ተናግሬያት ነበር ትላለች። ምን እንደሆነ ንገሪንና እንካስሽ።”

“ወላሂ አባቴ፣ አልተጣላሁም። ፈይሩዝ ምን እንዳለችም አላውቅም። ቤት ሠራሁ፤ በሠራሁት ቤት አንድ አረፋ ልዋል አልኩ። ሌላ የለም።”

“አንድ ነገርማ አለ።”

“የለም።”

“ትንሽም ቢሆን። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው በከንቱ ነው?”

ሽማግሌው ላብ በላብ ሆነዋል፤ ኢብራሂምም አሁንም ቀና አላለም። ዙቤይዳን አሳዘኗት። አንድ ነገር ብሰጣቸው ይገላገላሉ ብላ አሰበች፤ የሆነ ቀላል ነገር፣ በይቅርታ የሚያልቅ። አፏን የከፈተችው ፈጥራ ልትናገር ነበር። የወጣው ግን ያላሰበችው ነገር ነው።

“እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ‘ቁጭ በይ’ ያለኝ ሰው የለም” አለች።

ድምፅዋ አልተለወጠም። አላለቀሰችም። ተናግራ ስትጨርስ ግን ራሷንም ገረማት። አመልማል ወደ ግቢው ትመለከት ጀመር። ኢብራሂም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

“ሥራውን የምትወጂው መስሎኝ” አለ ቀስ ብሎ። “እንደ እማዬ ሆነሽ ስትቆርጪ ሳይ... እኔ እማዬ ያለች ስለሚመስለኝ ነው፣ ዙቤይዳ። ለዚያ ነው ‘ተይ’ የማልልሽ።”

“እወደዋለሁ አያ ኢብራሂም። ግን ደግሞ ይደክመኛል። ሁለቱም እውነት ነው።”

“ይህ ቂም ነው?” አሉ ሼህ አደም።

“አይደለም። ስለጠየቁኝ ነው የነገርኩዎት።”

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። ክስ የለም፣ ካሳ የለም፣ የሚቆረጥ ነገር የለም። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፤ ከዘራቸውን አጠገባቸው አጋደሙና “እንግዲያውስ የሚበላ ነገር አለሽ?” አሉ።

ዙቤይዳ ቂጣ ጋገረች። ኢብራሂም ያመጣውን ሥጋ ለነገ አስቀመጠችው። “ሥጋ ከጠዋት ጀምሮ ሳሸት ነው የዋልኩት፤ እሱን አታሳዪኝ” ብሏታል ራሱ። ሁለቱ ወንዶች ጨጨብሳውን ጠርገው በሉ። ሼህ አደም ጥርሳቸው ስላለቀ እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ይወዳሉ፤ በአረፋ ግን የክብር ነው ተብሎ የሚቀርብላቸው የማያኝኩት ምርጥ ሥጋ ነው።

ኢብራሂም እጁን ታጥቦ ጫማውን አወለቀ፤ ትራስ ተደገፈ። ቀስ በቀስም የሮቢትን ወሬ ጀመረ። የመሳያው ድንጋይ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቶ ቢላው ሳይሳል መዋሉን፤ ሻኛውን ለማን እንስጥ ተብሎ ፈይሩዝና የአንዋር ሚስት መኮራረፋቸውን፤ አንዱ ጎረቤት ሁለት ድርሻ ሲደርሰው ሌላው ምንም ሳይደርሰው ቀርቶ ለይቅርታ ሰው መላኩን።

“አልሀምዱሊላህ” አለች ዙቤይዳ ሳታስበው።

“ምኑ ነው አልሀምዱሊላህ?” አለ ኢብራሂም፤ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች። አመልማል ደግሞ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

“ይህ ነፋስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?” አለ ኢብራሂም።

“ከቀትር በኋላ ሁልጊዜ ነው።”

“የኔ ቤት ነፋስ አይገባውም። ሰው ነው የሚገባው።” ዓይኑ ተከደነ። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲጮህ ግማሽ ተኝቶ ነበር። አውጥቶ አየው፤ አንዋር ነው።

“አባ፣ እንዴት ሆነ? ታረቀች?”

ኢብራሂም ትራሱን አየ። የዛፉን ጥላ አየ። የማሩን ዕቃ አየ። ከዚያ ድምፁን አከበደ። “ገና ነን ልጄ። ጠንክራብናለች።”

ስልኩን ሲዘጋ ሼህ አደም አፍጥጠው ያዩታል። “አስታግፊሩላህ፣ ኢብራሂም! በዚህ ቀን ትዋሻለህ?”

“ምን ልበል ታዲያ አባቴ? ‘ታረቀች’ ብል ‘ይዛችኋት ኑ’ ይሉናል።”

ሼህ አደም ጢማቸውን እየዳሰሱ ነገሩን መረመሩት። “በርግጥ” አሉ በመጨረሻ፣ “ያልተጣላ ሰው ታረቀ አይባልም። ስለዚህ ገና ነን ማለትህ ከሐሰት አይቆጠርም። ‘ጠንክራብናለች’ የምትለዋ ግን የራስህ ናት፤ ለሷ አንተ ትጠየቃለህ።” ይህን ብለው እሳቸውም ጋደም አሉ።

ሁለቱ ተኙ። ዙቤይዳና አመልማል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ ተጫወቱ፤ ከዚያ አመልማል ወደ ኪዳኔዋ ሄደች። ዙቤይዳ ብቻዋን ተቀምጣ ወንድሟን አየችው። አፉን ከፍቶ እንዲህ ሲተኛ ያየችው ልጆች ሳሉ ነው፤ ከብት ሲያሰማራ ውሎ ሲገባ። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ወይ እሱ እንግዳ ሲቀበል፣ ወይ እሷ ምድጃ ስር ስትሆን ነው። ባለፉት ዓመታት በአረፋ ሦስት ቀን አብረው ከርመው ከዛሬው ግማሽ ያህል እንኳ አልተነጋገሩም።

የአስር ሶላት ሲጠራ ተነስተው ሰገዱ። አንዋር አሁንም ደወለ፤ በዚህ ጊዜ ሼህ አደም ራሳቸው ተቀብለው “ዱአ ላይ ነን” አሉት፤ እውነትም እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ፀሐዩ ሲበርድ ባጃጅ ተጠራ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው መረቋት። “ዓመት ዓመት ያድርስሽ። ቤትሽ የሰላም ይሁን። ዕርቅ እንዲህ ከሆነ ወላሂ በየዓመቱ እመጣለሁ።”

ኢብራሂም ወደኋላ ቀርቶ “የሚቀጥለው አረፋስ?” አላት።

“አላውቅም። ያኔ የሚያሰኘኝን አደርጋለሁ። ለረመዳን ኢድ ግን እመጣለሁ፤ ስመጣ መቀመጫ አዘጋጁልኝ።”

“ቶሌ፣ እሺ” አለ ኢብራሂም። ብዙ ሊናገር የፈለገ ይመስል ነበር፤ ግን ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ።

ከመግሪብ በኋላ ፈይሩዝ ደወለች። ዛሬ ከኋላዋ ጩኸት አይሰማም፤ ከቤት ወጥታ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር የምትናገረው።

“ኢብራሂም እየሳቀ ገባ” አለች። “ሁሉንም ነገረኝ። ማሩንም፣ እንቅልፉንም።”

“ተቆጣሽ?”

“አልተቆጣሁም።” ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። “እትዬ፣ አንቺ ከሮቢት ቀርተሽ ቤትሽ ዋልሽ፤ ደግ አደረግሽ። እኔስ የት ልቅር? የኔ ቤት ሮቢት ነው። በዓሉ እኔ ቤት ነው የሚመጣው።”

ዙቤይዳ ለዓመታት ወገቧን ይዛ ወደ ከሚሴ ስትመለስ የሚኒባሱ በር ከተዘጋ በኋላ ፈይሩዝ ምን እንደምትሠራ አስባ አታውቅም። ያ ሁሉ ፍራሽ የሚታጠፈው፣ ያ ሁሉ ድስት የሚፈገፈገው በማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አስባው አታውቅም።

“ነገ ነይ” አለች።

“ነገ? እንግዳው ሞልቶ!”

“እንግዳው እጅ አለው። አንዋር አለ፣ ወንድሞቹ አሉ። ኢብራሂም ዛሬ እንደሆነ ተኝቶ ነው የዋለው።”

“ምን ይላሉ?”

“አልታረቅ አለች፤ እኔው ራሴ ልለምናት ነው በያቸው።”

ፈይሩዝ በማልቀስና በመሳቅ መሀል የሆነ ድምፅ አሰማች። “ምን ይዤ ልምጣ?”

“ምንም። ባዶ እጅሽን ነይ።”

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጣች። ባዶ እጇን ነበር፤ እንዲያውም ለዚያ አፍራ እጆቿን በሻሿ ውስጥ ደብቃቸው ነበር የገባችው። ቤቱ አልቆ አላየችውም፤ የመጣችው መሠረቱ ሲጣል ብቻ ነው። ከክፍል ክፍል እየዞረች ግድግዳውን ዳሰሰች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ወለሉን በባዶ እግሯ ረገጠች። “ቀዝቃዛ ነው” አለች ደስ ብሏት። ከዚያ ጥግ ላይ መጥረጊያ አየችና አነሳችው።

ዙቤይዳ ከእጇ ቀማቻት። “ታኢ፣ ቁጭ በይ” አለቻት።

ፈይሩዝ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበር፤ አሁን ይጠሩኛል እንደሚል ሰው። ዙቤይዳ ማንጎ ልጣ ሰጠቻት፤ ትናንት ኢብራሂም ያመጣውን ሥጋም ጠበሰችላት። ፈይሩዝ ቁጭ ብላ ሌላ ሰው የጠበሰላትን ሥጋ በአረፋ ስትበላ ከሠርጓ ወዲህ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ተናገረች፤ ቅሬታ አልነበረበትም፣ ሂሳቡን አስባ ስትደርስበት ገርሟት ነው። ቀስ በቀስ ጀርባዋ ወንበሩን ነካ። በረመዳን የተናገረችውንም ራሷ አወጣችው፤ ዙቤይዳ የሰፋችላትን ቀሚስ ለሰው “የአሮጊት ነው” ብላ ነበር።

“የአሮጊት ነው እኮ” አለች ዙቤይዳ። “መለኪያ ብለሽ የላክሽልኝ የእናትሽን ቀሚስ ነበር።”

ሳቁ። ዙቤይዳ ሜትሯን አምጥታ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን ለካቻት፤ ለሌላ ቀን፣ ዛሬ የስፌት መኪናው አይነካም። ከሰዓት በኋላ ፈይሩዝ ፀጉሯን በቧንቧው ሥር ታጥባ በረንዳው ላይ ነፋሱ እንዲያደርቀው ተወችው። ስልኳ ሁለቴ ጮኸ፤ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

አመሻሹ ላይ ዙቤይዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። ሚኒባሱ ዛሬ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ደርሷል። ፈይሩዝ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

“ለከርሞ እንዲህ መሆኑን እንጃ” አለች። “ይለቁኛል ብለሽ ነው?”

“እንጃ” አለች ዙቤይዳ። “ዘንድሮ ግን ሆነ።”

መኪናው ሲሄድ ጥቂት ቆማ ተመለሰች። ሱቆቹ ገና እንደተዘጉ ናቸው። መንገዱ ላይ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ከቀሚሶቹ መሀል የእጇን ሥራ እየለየች ሄደች፤ አንዱ እጅጌ እውነትም አጥሮ ነበር። ቤቷ ገብታ ሻሿን አወለቀችና ነገ ምን እንደምትሠራ አሰበች። ምንም አልመጣላትም። ሦስተኛው የበዓል ቀን ገና አልተነካም።